ተዝካሩ ሳይወጣ አይሄድም

ጥቅምት 14

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያው ሹመት ዛሬ ደረሰኝ። የእርቅ ሽማግሌዎች ጸሐፊ ሆኛለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ወንበርም የለውም፤ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጡት።

አያ ይሻው ከገሳይ ድረስ መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው "ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው" አሉ። "ቃለ ጉባኤ ያዢልን። የዛሬ ልጆች ስልካቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ የሰው ቃልም አብሮ ያልቃል።"

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። ከጉና ግርጌ ስንደዶ ሜዳ የሚባል የሳር መሬት አለ። ሚካኤል፣ ጊዮርጊስና ቁልቋል በር የሚባሉ ሦስት አጥቢያዎች አንድ ሆነው፣ ከወንዝ ማዶ ካሉት ከኪዳነ ምሕረቶች ጋር በዚህ ሳር ተጣሉ። አጭዶ መከመር ሲገባቸው ጥቅምት 10 ተታኮሱ። ሦስቱ አሸነፉ ይባላል፤ ሜዳው በእጃቸው ነው ማለት ነው። የወይዘሮ አሰለፈች አንድያ ልጅ፣ የሚካኤሉ ሙላቴ፣ ሞተ። የገደለው የማዶ ሰው አገር ጥሎ ጠፍቷል፤ ፖሊስ እየፈለገው ነው። ታናሽ ወንድሙ በላይነህ ግን በሚካኤሎች እጅ ወደቀ። ማዶዎችም በፋንታቸው ሦስት ሰው ይዘዋል፤ ሁለት የጊዮርጊስ ገበሬና አንድ የከብት ሐኪም።

የከብት ሐኪሙ ዳኛቸው ይባላል። የዚያን ቀን ሜዳው ላይ ሲከትብ ነበር። በመጠኑ አውቀዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሌ ነበር።

"ጉዳይ አለሽበት?" አሉኝ አያ ይሻው።

"የለኝም። ከተፋታን ቆየን። የልጄ አባት ነው፣ በቃ።"

ትንሽ አዩኝና "እሺ፤ ጻፊ" ብለው ባጃጃቸው ውስጥ ገቡ።

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በማስተማር ነው። ባለ ድሎቹ ጠላታቸው ገና ሳይወድቅ እርስ በርስ መጠራጠር እንደ ጀመሩ፣ ምርኮኛ መመለስ ከመማረክ የበለጠ ጣጣ እንዳመጣባቸው በጠመኔ ጽፌአለሁ። ተማሪዎቼ ያንቀላፉ ነበር። አሁን እኔ ልነቃ ነው።


ጥቅምት 16

በዚያ ጦርነት ማብቂያ፣ ያልታ ላይ፣ የባለ ድሎቹ ሦስት መሪዎች ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበር የተቀመጡት፤ ማንም ከማንም እንዳይበልጥ። የእኛ ስብሰባ ዳገት ላይ ካለች ወይራ ሥር ነው። ከላይ የተቀመጠ ከታች ያለውን ቁልቁል ያያል። ስለዚህ የሦስቱም አጥቢያ ተወካዮች ወደ ላይኛው ድንጋይ ሲጋፉ ረፈደ። "ደም የፈሰሰው የእኛ ነው" አለ የሚካኤሉ አዳነ፣ የሟቹ አጎት። "የታሰሩት የእኛ ናቸው" አለ የጊዮርጊሱ ጥጋቡ፤ አንዱ እስረኛ ወንድሙ ነው። የቁልቋል በሩ ሰውዬ የሞተበትም የታሰረበትም የለም፤ ግን ለውጊያው በሩን፣ ማለት መንገዱን፣ የሰጠ እሱ ነው አሉ።

አያ ይሻው ዱላቸውን ይዘው ወርደው ከሁሉ በታች ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከእሳቸው በላይ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ሦስቱም እየተንሸራተቱ ወረዱ። መጨረሻ ላይ ሁላችንም ገደሉ አፍ ላይ ተፋፍገን፣ ወይራዋ ከነጥላዋ ባዶዋን ቀረች። እኔ ራሴ ጭቃ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ያለ የወንበር ፖለቲካ በመጽሐፍ አላነበብኩም።

ቀጥሎ ምርኮኛው የት ይቀመጥ ተባለ። ጥጋቡ ለእኔ ስጡኝ አለ፤ የበሩ ሰውዬ የቀበሌው መጋዘን አለ አለ።

"አሰለፈች ቤት" አሉ አያ ይሻው።

ብዕሬን አነሣሁ። የገዳዩን ወንድም የሟች እናት ቤት?

"የደሙ ባለቤት እሷ ናት" አሉ። "እሷ እያበላችው ሌላው ማን ሆኖ ነው እጁን የሚያነሳበት?"

"እሷስ ራሷ ብታነሳበት?" አልኩ። ጸሐፊ መናገር የለበትም፤ አውቃለሁ።

"አሰለፈች?" አሉ። መልሳቸው ይኸው ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼም አልወጣልኝም። ይህ ጭካኔ ነው። ወይም እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር ነው።


ጥቅምት 17

ሕይወት ከባሕር ዳር ደወለች። "አባዬ ይመታል እንዴ እዚያ?" አለችኝ። አይመታም አልኳት። "በምን አወቅሽ?" አለች። ልጄ የታሪክ ማስረጃ መጠየቅ ከእኔ ነው የተማረችው።


ጥቅምት 21

ወይዘሮ አሰለፈች ቤት ሄድኩ። ለቃለ ጉባኤው ምስክርነት ልቀበል ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ልጁ በሕይወት መኖሩን ለማየት ነው። እሱ ከሞተ ማዶ ያሉትም... ማለት የጊዮርጊስ ገበሬዎቹም አይተርፉም።

ጥቁር ለብሳ በር ላይ ገብስ ትለቅማለች። በላይነህ የለም።

"እማማ፣ ልጁስ?"

"ወፍጮ ቤት ልኬዋለሁ።"

"ከማን ጋር?"

"ከአህያው ጋር።"

ምርኮኛውን ብቻውን፣ ቢሸሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ አገሩ የሚገባውን ልጅ፣ ገብስ አስጭና ልካዋለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ መጠበቅ ጀመርኩ። ጸሐይዋ ስትዘቀዝቅ አህያው መጣ፤ ከኋላው ጺሙ ገና ያላበቀለ፣ ራሱ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ልጅ። ጆንያውን አውርዶ፣ አራግፎ፣ አህያውን ውኃ ሊያጠጣ ዞረ።

ተከትዬ ሄጄ "ለምን አልጠፋህም?" አልኩት በሹክሹክታ። እኔም እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ይሉታል፣ የእርቁ ጸሐፊ ሆኜ!

ግራ ገባው። "ዱቄቱንስ?" አለኝ።

ደግ ሴት ናት ብዬ ልጽፍ ነበር። አይደለም፤ ነገሩ እንዲያ አይደለም። ስሙን አትጠራም። "ያ" ትለዋለች፤ "ያ እንጨት ይፍለጥ፣ ያ ይብላ"። ምግቡን አቅርባለት ፊቷን ታዞራለች። ጎረቤቷ የሆነችው ሴት ወደ በር ስትሸኘኝ "ከገዳዩ ወንድሙ ጋር ፊታቸው አንድ ነው" አለችኝ። ይህን ስሰማ እግሬ ለጊዜው መንገዱን ረሳው።

ፊቷን አዙራ ታበላዋለች። ከዚህ በላይ ምን ጻፊ ይሉኛል?


ጥቅምት 23

ቸኩያለሁ። ከማል መጥቷል። የገሳይ ነጋዴ ነው፤ ጨውና ሳሙና ለሁለቱም ወገን ስለሚሸጥ ሞተሩን ሲያዩ ሁለቱም ያሳልፉታል። የእኛ ቀይ መስቀል እሱ ነው።

የማዶ እስረኞች ደህና ናቸው አለ። "ዳኛቸው ግን ወላሂ አሳቀኝ፣ እትዬ የሺ። የእነሱን ከብት እየከተበላቸው ነው። የሚጠብቁት ልጆች ላሟን ይይዙለታል፣ እሱ ይወጋል። ወረፋ አስይዟቸዋል! 'ክትባቱ ሳያልቅ እንዳታስለቅቁኝ' ብሏል።"

ይኸው ነው እንግዲህ። ለላም ሲሆን ጊዜ አለው።

የጨጓራ መድኃኒትና ጋቢ ላክሁለት። መድኃኒቱን ፋርማሲ ውስጥ ተሳስቼ ነው የገዛሁት። ጋቢውም ሣጥን ውስጥ ብል እየበላው ነበር።


ጥቅምት 28

ስለ ሳሩ ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቁ። ከማዶዎች ጋር አይደለም፤ እርስ በርስ። ቁልቋል በሮች መጀመሪያ ሜዳው ይከፈል፣ ምርኮኛው ኋላ ይደርሳል አሉ። ጊዮርጊሶች መጀመሪያ ሰዎቻችን ይምጡ። ሚካኤሎች መጀመሪያ ደሙ ይነገር። ሦስቱም "መጀመሪያ" አላቸው።

ጥጋቡ አዳነን "እናንተ አንድ ሰው ይዛችሁ የሦስታችን ንጉሥ ሆናችሁ" አለው።

"አንተ ወንድምህ ይመለሳል። የእኔ የወንድም ልጅ ከየት ይመለሳል?" አለው አዳነ።

ቃለ ጉባኤው ላይ "ውይይቱ ቀጠለ" ብዬ ጻፍኩ። አልቀጠለም።

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ። "ማዶዎች ሐኪሙን አይለቁም ይባላል፤ ሦስት ለአንድ እንዴት ይሆናል ብለው። ሁለቱን ሰጥተው እሱን ሊያስቀሩት ነው።" ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ቀጠሉ። እኔ ግን ከመውረጃዬ አልፌ ወረድኩ።


ኅዳር 3

የሙላቴ ተዝካር ዐርባኛው ቀን ኅዳር 19 ይውላል። የነቢያት ጾም ግን በ15 ይገባል። አዳነ "ከጾሙ በፊት ይውጣ፤ በሬ ይታረድ፤ አንድ ለእናቱ የነበረ ልጅ በሽሮ አይዘከርም" አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ሦስቱ ኃያላን ስንደዶ ሜዳን ከያዙ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ጉዳይ በሬ ነው።

አያ ይሻው እምቢ አሉ። "ዐርባ ዐርባ ነው" አሉ፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም። ግትር ሽማግሌ። ሥጋ ያልበላ ሰው ለእርቅ ፊት አይሰጥም ብዬ በልቤ አማኋቸው።


ኅዳር 7

ተሳካ! በከማል ቃል ነው ሁሉም። ከማል ሲመላለስ ሰንብቶ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ወንዙ ዳር ልውውጡ እንዲሆን ማዶዎችን አስማማ። ሦስቱንም ሊሰጡ ነው። ሦስቱንም። ሦስቱም አጥቢያዎች ፈረሙ፤ ሁለቱ በአውራ ጣት።

ለሕይወት ደወልኩ። አለቀሰች። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።


ኅዳር 12

ጠዋት ወንዙ ዳር ወረድን። ማዶዎች ቀድመው መጥተዋል። ሦስቱን ፊት ለፊት አቁመዋቸዋል። ዳኛቸው የላክሁለትን ጋቢ ለብሷል። ጃኬቱን ግን አዛንፎ ነው የቆለፈው፤ ድሮም መስተዋት አያይም። ውኃው ለቁርጭምጭሚት አይበቃም፤ ተራምዶ መምጣት ይችል ነበር።

ከእኛ ወገን በላይነህ የለም። ጠበቅን። ቆይቶ አዳነ ብቻውን እያላበው ወረደ።

"አልለቅም አለች" አለ።

"ማን?"

"አሰለፈች ናታ! 'ተዝካሩ ሳይወጣ አይሄድም' አለች። 'እንጨቱን የፈለጠ እሱ፣ ገብሱን ያስፈጨ እሱ። ድግሱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሳያቀምሱ ሰው መሸኘት በእኔ ቤት አልተደረገም' አለች። በሩ ላይ ቆማለች፤ ምን ላድርጋት? ልግፋት?"

ሦስት አጥቢያ አስፈርመናል። ማዶን አስፈርመናል። ወረዳውን አሳውቀናል። ከገሳይ ገበያ ያልጠየቅነው የለም። አሰለፈችን የጠየቃት ሰው የለም። እኔም ሴት ሆኜ፣ ቤቷ ገብቼ፣ ደጇ ላይ ተቀምጬ አልጠየቅኋትም።

አያ ይሻው ይህን ለማዶዎች እንዴት ብለው ያስረዱ? ድግስ ስላለባት ነው ይበሉ? አሉም። እንዳለ ነገሯቸው። ከማዶ አንዱ "ልጁን ገድላችሁት ነው!" ብሎ ጮኸ። ሌላው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ሦስቱን እየገፉ ዳገቱን ወጡ።

ዳኛቸው ከመታጠፊያው ላይ ዞሮ እጁን አነሣ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም።


ኅዳር 13

የከማል ስልክ አይሠራም። ማዶዎች እስረኞቹን ወደ ውስጥ አርቀው ወስደዋል አሉ። "እስከ ቅዳሜ ልጁን ካላየነው" ብለዋል። ካላዩት ምን እንደሚሆን ወሬውን ያመጣው ሰው አልጨረሰልኝም።

አልበላሁም። ጾም ገና ነው።


ኅዳር 14

ሽማግሌው ሁሉ ወይዘሮ አሰለፈች ቤት ሄደ። ዳሱ ግማሹ ቆሟል። በላይነህ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ባሕር ዛፍ ያጋድማል። በእሱ ነገር ሊጫረሱ የተቃረቡት ሁሉ ሲገቡ አይቶ "ጤና ይስጥልኝ" አለ ከላይ።

ጥጋቡ መሬቱን እያየ ጀመረ። "እማማ፣ ወንድሜ እዚያ ነው። እርስዎ ልጅዎን ቀብረዋል፤ እኔን ደግሞ አያስቀብሩኝ።"

"እኔ ምን አደረግሁህ፣ ልጄ?"

"ይህን ልጅ ይልቀቁት!"

"መች አሰርኩት?" አለች። እውነቷን ነው። ማንም አላሰረውም። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ልብ ያልነው መሰለኝ።

"እንግዲያ ይሂድ።"

"ይበላና ይሂድ።"

"ማዶዎች ገደላችሁት እያሉ ነው!"

"መጥተው ይዩታ። ለተዝካር ሰው ይጠራል። የያዟቸውንም ይዘው ይምጡ፤ ርቧቸው ይሆናል።"

አዳነ ብድግ አለ። "ደመኛሽን ልጅሽ ተዝካር ላይ? አብደሻል፣ አሰለፈች?"

"እነሱም እናት አላቸው" አለችው። ሌላ አላለችም። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ዳሱ ጣሪያ "በላይነህ!" ብላ ተጣራች።

ስሙን ስትጠራ መጀመሪያዋ ነው። ልጁ ምሰሶውን አቅፎ ቀረ። እኔም ብዕሬን።

"አቤት፣ እማ!"

"ውረድ። አገርህ ሄደህ ጥራልኝ። በ19 ነው በላቸው። አንተም ቀድመህ ተመለስ፤ ውኃ የሚቀዳልኝ የለም።"

"ካልተመለሰስ?" አለ ጥጋቡ።

አሰለፈች አሰበችበት። "ካልተመለሰማ ሳይቀምስ ቀረ" አለች፤ ከዚህ የባሰ ቅጣት እንደሌለ ሁሉ።

አያ ይሻውን አየኋቸው፤ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር።

የያዝነው አንድ ሰው ነበር። ጥሪ እንዲያደርስ ላክነው።


ኅዳር 16

የሦስቱ ኅብረት ፈረሰ ማለት ይቻላል። ጊዮርጊሶች ሚካኤሎችን ከዳችሁን ይላሉ። ቁልቋል በሮች ሌሊት ሌሊት ሳሩን ማጨድ ጀምረዋል ይባላል። ጥጋቡ መንገድ ላይ አግኝቶኝ "አንቺስ ምን ቸገረሽ፤ ፈትተሽዋል" አለኝ። እውነቱን ነው። ምንም አልቸገረኝም። እንቅልፍ ያጣሁት በጎረቤት ውሻ ነው።

በመጽሐፍ የማውቀው ይህ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው የተመለሱ ስንት ምርኮኞች ከጠላት ጋር በላችሁ ተብለው በራሳቸው ወገን ታስረዋል። በላይነህም የበላ ነው። ዛሬ ወንድሞቹ ምን ብለው ይቀበሉታል? ማን ይመለስ ብሎ ይፈቅድለታል?

ሕይወት ደውላ "ትፈሪያለሽ፣ እማዬ?" አለችኝ።

"የታሪክ ሰው ይመዘግባል እንጂ አይፈራም።"

"እሺ" አለች። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን።


ኅዳር 18

አልተመለሰም። ቅዳሜም አለፈ። ከማዶ ወሬ የለም። ኔትወርክ የለም። ከማል "ኢንሻአላህ ነገ" ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ወንዙ ወረደ።

አሰለፈች ውኃውን ራሷ ቀዳች። ሁለት ጊዜ ስትመላለስ አየኋት፤ ሁለት ጊዜም ወንዙን አሻግራ አየች።

ዛሬ የማድረው እዚሁ ሚካኤል፣ ከጎረቤቷ ቤት ነው። ሴቶቹ ድስት እያማሰሉ ያወራሉ። "ጉድ ነው፣ ለማን ነው ይህ ሁሉ ወጥ?" "ለደመኞቿ ነዋ!" ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ? እምነቷ ያስፈራኛል መሰለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ላይ አይቼ አላውቅም፤ ምን እንደማደርገውም አላውቅም።


ኅዳር 19

ሳይበርድብኝ ልጻፈው።

ቅዳሴ ወጣ። ፍትሐቱ ተደረገ። ሰው ዳሱ ውስጥ ገባ። አሰለፈች በአጥሩ በር ቆማለች፤ ግቢ ሲሏት አትሰማም። ጥጋቡ ከውጭ ካብ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዟል። እኔ ከዳሱ ምሰሶ ተጠግቼ የምጽፍ እመስላለሁ። ወረቀቱ ባዶ ነው።

መጀመሪያ የከማል ሞተር ተሰማ፤ ግን ቀስ እያለ፣ ሰው ሲሸኝ በሚሄድበት አካሄድ። ከኋላው በዳገቱ ነጭ የለበሱ ሰዎች ወጡ። ብዙ ናቸው። አዳነ "ታጥቀዋል?" አለ። አልታጠቁም። ጋን የጫነ አህያ ይነዳሉ።

ከፊት በላይነህ አለ። ዓይኑ ሥር አብጧል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ሽማግሌውን ሁሉ አልፎ "የእኛ ሰዎች አሰሩኝ እማ፣ ለዚያ ነው የዘገየሁ" አላት፣ ይቅርታ ሊጠይቅ። "ማታ እናቴ ፈታችኝ፤ ጥሪውንም ቤት ለቤት ያዳረሰች እሷ ናት።"

ከእሱ ቀጥሎ እናቱ ናት። ጌጤ ይሏታል። የገዳዩ እናት። ከማዶ እስከዚህ ዳቦ የሞላ ሌማት በራሷ ተሸክማ መጥታለች። የአጥሩ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ደም ያለበት ሰው የባለ ደሙን ደጅ ሳይጠራ አይረግጥም። አንገቷ በሸክሙ ይንቀጠቀጣል። ማውረድ አትችልም፤ መግባትም አትችልም። ከኋላዋ አገሩ ሁሉ ቆመ። ዳሱ ውስጥ ያለውም ሁሉ ቆመ። ካህናቱም።

አሰለፈች አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ሁለት እጇን አንሥታ ሌማቱን ከራሷ ላይ አወረደችላት።

በቃ። ይኸው ነው። ሸክም አወረደችላት፤ ማንኛዋም ሴት ለማንኛዋም ሴት መንገድ ላይ እንደምታደርገው። ሁለቱም ሌማቱን በመካከላቸው ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ለቅሶው ወጣ። ጉና ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ቆይታ አሰለፈች ፊቷን ጠረገችና ተነሣች። "የደሙ ነገር ሌላ ቀን ነው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "እሱን በወጉ እንነጋገራለን። አልታረቅሁም። ዛሬ ተዝካር ነው። ግቡ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።"

ገቡ።

ከዚያ አያ ይሻው ያደረጉትን ልንገር። ልውውጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ማንም ማንንም አላስረከበም። ሦስቱን እስረኞች ከያዟቸው ሰዎች መካከል አስቀመጧቸው፤ በላይነህን በአዳነ አጠገብ። ከአንድ ትሪ በሉ። ሲጨርሱ ሁሉም እጁን ታጠበ፤ ተነሣ፤ ከወገኑ ጋር ቆመ። እንዳለቀ የገባኝ ካለቀ በኋላ ነው። ጥጋቡ ወንድሙን ታቅፎ ጀርባውን እየደበደበው ነበር። መንግሥታት ለዚህ ባቡር ያዝዛሉ፣ ማህተም ያዝዛሉ፣ ወራት ይፈጅባቸዋል። ሽማግሌው ያዘዙት ሽሮ ነው።

ሽሮውን ሳይ ነው ሌላው ነገር የበራልኝ። ከማልና ባለቤቱ ዘምዘም ከአያ ይሻው ጋር በአንድ ትሪ ይበላሉ። በሬ ቢታረድ ኖሮ ለእነሱ ለብቻ ይታረድ፣ ለብቻ ይቀመጡ ነበር፤ ይህን ሁሉ ያስታረቀው ሰው ከማዕዱ ዳር ይቀር ነበር። ጾሙ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጠ። ሮጥ ብዬ ሄድኩ።

"አያ ይሻው፣ ተዝካሩ ከጾሙ በፊት አይሁን ያሉት ለዚህ ነው?"

"ዐርባ ዐርባ ነው አልኩሽ እኮ" አሉኝ፤ ጎርሰው። ለከማል ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ።

ሠላሳ ዓመት ግድም ስለ ታላላቅ ሰዎች አስተምሬአለሁ። አላየኋቸውም ነበር።

ዳኛቸው ከኋላዬ መጣ። ከስቷል፤ ጺሙ ሸብቷል። "አንቺም አለሽበት?"

"ጸሐፊ ነኝ።"

"የጸሐፊዋ እጅ ምን ሆኖ ነው?"

"ብርድ ነው።" ቀትር ነበር። ዝም አለኝ፤ እሱ እንኳ አንዳንድ ጊዜ ያውቅበታል። "ጃኬትህን አዛንፈህ ነው የቆለፍከው" አልኩት። "ከመቼ ጀምሮ?" አለኝ። "ከኅዳር 12" ልል ነበር፤ ተውኩት።

ማታ ከገሳይ በመጨረሻው ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ ስለ ማዶ ጊደሮች ነገረኝ፤ አንዷ እምቢ ብላ እንደ ረገጠችው፣ ጠባቂዎቹ እንደ ሳቁ። ሰማሁት። ድሮ መሐል ላይ አቋርጠው ነበር። የሚከራያት ክፍል ጋፋት መገንጠያው አጠገብ ናት፤ የእኔ ቤት ከዚያ አልፎ ከተማው ውስጥ። የከተማው መብራት ሲታይ ወሬውን አቁሞ መስኮቱን ማየት ጀመረ። እኔም የፊት ወንበሩን ጨርቅ አጠናሁ።

ረዳቱ ዞር ብሎ "ጋፋት መገንጠያ! ወራጅ አለ?" አለ።

ዳኛቸው አፉን ከፈተ።

"የለም" አልኩ፤ "ንዳው።"